የማይሰማ ታዳሚ ያሠለጠነው ባንድ

በኒውዮርክ ከተማዋ ብሩክሊን፣ በአንድ መጠጥ ቤት ጥግ ጊታር ይዞ መዝፈን ለጀማሪ ከባድ ፈተና ነው። ሰዉ የመጣው ሊጠጣና ሊጨዋወት ነው። አብዛኛው ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ ባንኮኒው ላይ ተደግፏል። ከሚሰሙት ጥቂቶች መካከል ገሚሶቹ ራሳቸው ሙዚቀኞች ስለሆኑ እጃቸውን አጣምረው ይመዝናሉ እንጂ አይደሰቱም። ዘፈኑ ሲያልቅ ለወግ ያህል ይጨበጨባል፤ ወሬው ከቆመበት ይቀጥላል። ዌስሊ ሹልትዝ እና ጄረማያ ፍሬይትስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ከ2005 እስከ 2009 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሙያቸውን የተማሩት እንዲህ ጆሮ ዳባ ልበስ ባለ ታዳሚ ፊት ነው።

ዛሬ ሁለቱን ዓለም የሚያውቃቸው «ዘ ሉሚኒርስ» በተባለው ባንዳቸው ነው። ግራሚ ላይ ተጫውተዋል፤ አልበማቸው የአሜሪካን የሽያጭ ሰንጠረዥ በአንደኝነት መርቷል፤ ስታዲየም ሞልተዋል። ይህ ሁሉ እንዴት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሚጠራው አንድ ዘፈን ነው፤ «ሆ ሄይ»ን። እውነት ነው፣ በሩን የከፈተው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ያ ዘፈን ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደተሠራ፣ ከትንሽ መጠጥ ቤት ተነስቶ በየትኛው መንገድ አልፎ ሚሊዮኖች ጆሮ እንደደረሰ፣ ከእሱ በኋላስ ባንዱ ለምን እንዳልጠፋ ሲታይ ነው ነገሩ ትርጉም የሚሰጠው። እኔ ሦስቱንም ጥያቄዎች የሚያስተሳስራቸው ያ የማይሰማ ታዳሚ ይመስለኛል።

ሁለቱም ያደጉት ከኒውዮርክ ከተማ ብዙም በማትርቀው፣ ራምዚ በምትባል የኒውጀርዚ ትንሽ ከተማ ነው። መጀመሪያ ያገናኛቸው ሙዚቃ አልነበረም። የጄረማያ ታላቅ ወንድም ጆሽ የዌስሊ የልብ ጓደኛ ነበር። በ2002 ጆሽ በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ሞተ፤ ገና 19 ዓመቱ ነበር። አንዱ ወንድሙን፣ ሌላው ጓደኛውን ቀብሮ የተረፉት ሁለቱ አብረው ዘፈን መጻፍ የጀመሩት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2005 ነው። ብዙ ባንድ በገንዘብ፣ በዝናና በ«ይህን ማን ጻፈው?» ጠብ ይፈርሳል። እነዚህ ሁለቱ ግን ከሃያ ዓመት በኋላም አብረው ይጽፋሉ። ሐዘን ያስተሳሰረውን ጓደኝነት ገንዘብ በቀላሉ እንደማይፈታው ለማመን አልቸገርም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሙከራ ዓመታት ነበሩ። ስማቸውን ደጋግመው ቀየሩ፤ የሰውንም የራሳቸውንም ዘፈን ተጫወቱ፤ ያልቀመሱት የሙዚቃ ዓይነት አልነበረም። ያሁኑ ስማቸው እንኳ በአጋጣሚ የመጣ ነው። ጀርዚ ሲቲ ውስጥ አንድ መድረክ አስተዋዋቂ በሌላ ቀን ሊጫወት የተያዘን ባንድ ስም በስህተት ጠርቶ ሲያስተዋውቃቸው ስሙን ወደዱትና ያዙት።

የኒውዮርክ ችግር የታዳሚው ጆሮ ብቻ አልነበረም፤ የቤት ኪራይም ነበር። ይህን ነጥብ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ቶሎ ያልፉታል፤ እኔ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ወጣት ሙዚቀኛ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፦ መጥፎ ዘፈን ጽፎ የሚጥልበት፣ ደግሞ የሚጽፍበት፣ አብሮት ከሚጫወተው ሰው ጋር እጅ ለእጅ የሚግባባበት ጊዜ። ኪራይ የናረበት ከተማ ደግሞ የሚበላው ይህንኑ ነው። ሰውየው ኪራዩን ለመክፈል ሁለት ሦስት ሥራ ይይዛል፤ ማታ ጊታሩን ሲያነሳ ደክሞታል። ሁለቱ ጓደኛሞች በ2009 ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ኮሎራዶዋ ዴንቨር የሄዱት ዕድል ይጠብቀናል ብለው አልነበረም። ዴንቨር በዚያን ጊዜ የሙዚቃ ኩባንያ የሞላባት ከተማ አይደለችም። የሄዱት ርካሽ ስለነበረች ነው። ከታላቁ የሙዚቃ ገበያ እየራቁ መሄዳቸው ነበር ወደ ገበያው የሚመልሳቸው፤ በዚያን ቀን ግን ይህን ማንም ሊነግራቸው አይችልም ነበር።

ዴንቨር ውስጥ ሜዶላርክ የሚባል ምድር ቤት ውስጥ ያለ ጠባብ መጠጥ ቤት ነበር። በየማክሰኞ ማታ መድረኩ ለማንኛውም ዘፈን ጸሐፊ ክፍት ይሆን ነበር፤ የከተማው ደራሲዎችም እዚያ ይገናኙ ነበር። ከብሩክሊኑ የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ሰዉ ይሰማል። በማይሰማ ቤት ውስጥ ጮኾ መዝፈን የተማረ ሰው በሚሰማ ቤት ውስጥ ዝቅ ብሎ መዝፈን ይማራል። ሁለቱም ትምህርት በኋላ አልበማቸው ላይ ጎን ለጎን ይሰማል።

ባንዱ የተሟላው እዚያው ነው። በኢንተርኔት የማስታወቂያ ገጽ ላይ የቼሎ ተጫዋች ፈልገው ያወጡትን ማስታወቂያ አይታ የመጣችው ኔይላ ፔካሬክ የዴንቨር ልጅ ነበረች፤ ክላሲካል ሙዚቃ ተምራ መምህርት ለመሆን ታስብ ነበር። ቼሎ የቫዮሊን ዘመድ ሆኖ በጉልበት መካከል ይዘው ቁጭ ብለው የሚጫወቱት ትልቅ የክር መሣሪያ ነው፤ ድምፁ ወፍራም፣ ለሰው ጉሮሮ የቀረበ ነው። ጊታር፣ ከበሮና ጩኸት ብቻ በነበረበት ባንድ ውስጥ ይህ ድምፅ ሲገባ ዘፈኖቹ ጥላና ጥልቀት አገኙ። «ስተበርን ላቭ» የተባለውን ዘፈን የሰማ ሰው ቼሎው ቢወጣ ምን ያህል እንደሚራቆት ያውቃል።

አሁን ወደ «ሆ ሄይ» እንምጣ። ሹልትዝ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች እንደተናገረው ዘፈኑን ካነሳሱት ነገሮች አንዱ በብሩክሊን መድረኮች ያጋጠማቸው ግዴለሽ ታዳሚ ነበር፤ በሆነ መንገድ ዘልቆ ገብቶ መቀስቀስ ፈለገ። ያገኘው መላ ጥንታዊ ነው። እያንዳንዱን አጭር የግጥም ሐረግ ከዘፈነ በኋላ ባንዱ በሙሉ ይጮኻል፤ አንዴ «ሆ!»፣ አንዴ «ሄይ!»። አውራጅና ተቀባይ ያለበት ዘፈን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሠርግ ቤትም በጥምቀትም ተቀባይ ሆነን አድገናል። ተቀባይነት ሰውን ምን እንደሚያደርገው እናውቃለን፦ አንዴ ድምፁን ካወጣ በኋላ ዘፈኑ የራሱ ይሆናል፤ ጀርባውን አዙሮ ሊቆም አይችልም።

የዘፈኑን አሠራር ጠጋ ብሎ ለሚያየው ሰው እያንዳንዱ ነገር ለዚህ ዓላማ የተቆረጠ ነው። ርዝመቱ 2 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነው። ኮርዶቹ ጊታር በጀመረ በሁለተኛው ወር ተማሪ የሚይዛቸው ናቸው። የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት የለበትም፤ ዋናው ምት የእግር ከበሮ፣ ጭብጨባና ጸናጽል መሰል መሣሪያ ነው። ተቀባዮቹ የሚጮኹት ከማይክሮፎኑ ራቅ ብለው ስለሆነ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚጮኽ ይመስላል። ሰሚው ዘፈኑን በራዲዮ ሲሰማ እንኳ አንድ ክፍል ውስጥ ከሰው ጋር እንደቆመ ይሰማዋል፤ የተቀባዩ ቦታ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከዚያ ደግሞ ጩኸቱ ቆሞ መዝሙር መሰሉ አዝማች ሲመጣ፣ በጩኸት የተቀሰቀሰው ሰው ልብ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል። ቀላል ዘፈን መሥራት ቀላል ነው የሚል ሰው እስኪ አንድ ይሥራ።

ዘፈኑ እንዳለ ግን ማን ይሰማዋል? በዚህ ጊዜ ባንዱ የራሱን አነስተኛ ቅጂ ይዞ መንገድ ወጥቶ ነበር። በክለቦች ብቻ ሳይሆን በሰዎች ሳሎን ውስጥም ተጫውተዋል። የሳሎን ኮንሰርት አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ቤቱን ይከፍታል፣ ወዳጆቹን ይጠራል፣ ማጉያ መሣሪያ አያስፈልግም፣ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ይዋጣል። ገቢው ጥቂት ቢሆንም በዚያ ክፍል የነበረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ባንዱ ወደ ከተማው ሲመጣ አምስት ሰው ይዞ ይመጣል። ሙዚቀኛ ስሙ ባልታወቀበት ከተማ ማስታወቂያ ከመግዛት ይልቅ ምስክር ማፍራት ይሻለዋል፤ ዘፈናቸው ደግሞ ለሳሎን የተሰፋ ነበር።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። በታኅሣሥ 2011 «ሆ ሄይ» «ሃርት ኦፍ ዲክሲ» በተባለ የአሜሪካ ድራማ ውስጥ ገባ። ባንዱ ገና አልበም አላወጣም ነበር። አንድ ዘፈን በፊልም ወይም በድራማ ውስጥ እንዲገባ ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፦ አንዱ ከድርሰቱ ባለቤት፣ ሌላው ከቅጂው ባለቤት። የታዋቂ ዘፋኝን ዘፈን የሚፈልግ የድራማ አዘጋጅ ከበርካታ ኩባንያና ጠበቃ ጋር መነጋገር አለበት፤ ዋጋውም ይወደዳል። ያልታወቀ ባንድ ግን ድርሰቱንም ቅጂውንም ራሱ ይዟል፤ አንድ ሰው ስልክ አንስቶ «እሺ» ካለ ያልቃል። ለዚህ ነው በእነዚያ ዓመታት የድራማ ሙዚቃ መራጮች ወደ «ኢንዲ»፣ ማለትም ገለልተኛ፣ ባንዶች ያዘነበሉት። የባንዱ ጥቅም ደግሞ ከክፍያው ይበልጣል። ድራማውን የሚያይ ሰው ስሜቱ ከፍ ባለበት ቅጽበት ያልታወቀ ዘፈን ይሰማል፤ ስልኩን አውጥቶ የዘፈኑን ማንነት ይፈልጋል። ፈልጎ ያገኘውን ነገር ሰው እንደራሱ ግኝት ስለሚቆጥረው ለሌላ ይነግራል።

ቀጥሎ የራዲዮ መሰላል አለ። በአሜሪካ ራዲዮ በየዓይነቱ የተከፋፈለ ነው። ከታች በአድማጭ መዋጮ የሚተዳደሩና አዲስ ሙዚቃ የሚያድኑ ጣቢያዎች አሉ፤ የሲያትሉ ኬኢኤክስፒ ከእነዚህ ስመ ጥሩ ሲሆን «ሆ ሄይ»ን ቀድመው ካነሱትና ደጋግመው ካሰሙት አንዱ ነበር። ከእነሱ በላይ ለአዋቂ አድማጭ ለስለስ ያለ ሮክና ፎልክ የሚያሰሙ፣ ቀጥሎ «ኦልተርኔቲቭ» የሚባሉት፣ ከላይ ደግሞ ለሁሉም የሚሆን ተወዳጅ ዘፈን ብቻ የሚያሰሙት ይገኛሉ። የላይኛው ጣቢያ ኃላፊ በጆሮው ብቻ አይወስንም፤ የታችኛውን ደረጃ ውጤት ያያል። አድማጭ ዘፈኑ ሲመጣ ጣቢያ ይቀይራል ወይስ ይቆያል? በአካባቢው የሽያጭ ቁጥሩ ከፍ ብሏል? እያንዳንዱ ደረጃ ለቀጣዩ ማስረጃ ነው። «ሆ ሄይ» በ2012 የኦልተርኔቲቩን ሰንጠረዥ በአንደኝነት ከመራ በኋላ ወደ ላይኛው ደረጃ ተሻግሮ በዋናው የአሜሪካ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ ሆት 100 ላይ፣ 3ኛ እስከመሆን ደረሰ፤ በሰንጠረዡም ላይ ከዓመት በላይ ቆየ። በአንድ ሳምንት ተተኩሶ በወሩ ከሚጠፋው የፖፕ ዘፈን ጋር ሲነጻጸር የዚህ አካሄድ የእግረኛ ነው፤ በእግር የሄደ ደግሞ የረገጠውን ሁሉ ያውቃል።

አልበማቸው በሚያዝያ 2012 ወጣ፤ ርዕሱ የባንዱ ስም ነው። የተቀዳው በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል ወጣ ባለች ውድንቪል፣ ቤር ክሪክ በተባለ ስቱዲዮ ነበር። ያሳተመው ናሽቪል የሚገኘው ዱዋልቶን የተባለ አነስተኛ ገለልተኛ አሳታሚ ነው። «ኢንዲ» የሚለው ቃል ዛሬ የአለባበስና የድምፅ ዓይነት ማለት እየሆነ መጥቷል፤ በመሠረቱ ግን የንግድ ጉዳይ ነበር። በዚያው በ2012 ኢኤምአይ የተባለው አንጋፋ ኩባንያ የሙዚቃ ቅጂ ክፍል ወደ ዩኒቨርሳል በመጠቃለሉ የዓለምን የሙዚቃ ገበያ የሚቆጣጠሩት ግዙፍ ኩባንያዎች ከአራት ወደ ሦስት ወረዱ፦ ዩኒቨርሳል፣ ሶኒና ዋርነር። ግዙፍ ኩባንያ ብዙ ገንዘብ በቅድሚያ ይሰጣል፤ በምላሹም ውጤቱን ቶሎ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ነጠላ ዘፈን በጥቂት ሳምንት ካልተነሳ ትኩረቱ ወደ ሌላ ይዞራል። አነስተኛ አሳታሚ ደግሞ በዓመት የሚያወጣቸው አልበሞች ጥቂት ስለሆኑ አንዱን ይዞ ዓመት ሙሉ ሊገፋ ይችላል፤ ሌላ ምርጫም የለውም። «ሆ ሄይ» ያን ያህል ረጅም ጊዜ የወሰደበትን ጉዞ ትዕግሥት በሌለው ቤት ውስጥ ይጨርስ ነበር ብዬ አላምንም።

ዘመኑም አግዟቸዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። በ2008 ፍሊት ፎክሰስ የተባለው ባንድ በተደራረበ የድምፅ ስምምነት፣ ቦን ኢቬር በዊስኮንሲን ጫካ ጎጆ ውስጥ በተቀዳ የብቸኝነት አልበሙ መንገዱን ጠርገዋል። የእንግሊዙ ማምፈርድ ኤንድ ሰንስ ባንጆ የተባለውን የክር መሣሪያ ወደ ትልልቅ አዳራሾች አስገብቷል፤ በ2011 ግራሚ መድረክ ላይም ከአቬት ብራዘርስና ከቦብ ዲላን ጋር ታይቷል። የአይስላንዱ ኦፍ ሞንስተርስ ኤንድ ሜን «ሊትል ቶክስ» በተባለው ዘፈኑ በዚያው ሰሞን ገኗል። ኮምፒውተር የሠራው የዳንስ ምት ራዲዮውን ሞልቶት በነበረበት ጊዜ የእንጨትና የቆዳ ድምፅ፣ ሰው እግሩን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ፣ ብዙዎችን አስጠምቶ ነበር። በየካቲት 2013 በተካሄደው የግራሚ ሽልማት ሉሚኒርስ በምርጥ አዲስ አርቲስትና «አሜሪካና» በተባለው የሙዚቃ ዓይነት በምርጥ አልበም ዘርፎች ታጭተው «ሆ ሄይ»ን መድረክ ላይ ተጫወቱ። አልተሸለሙም፤ የመጀመሪያው ፈን ለተባለው ባንድ፣ ሁለተኛው ለዘፋኟ ቦኒ ሬይት ሄደ። የዚያ ምሽት ታላቁ ሽልማት፣ የዓመቱ ምርጥ አልበም፣ ግን የማምፈርድ ኤንድ ሰንስ «ባቤል» ነበር።

ማዕበል ያነሳውን ማዕበል ይመልሰዋል። «ሆ ሄይ» የማይክሮሶፍት ቢንግ ማስታወቂያ ላይ ሲገባ፣ «ናሽቪል» በተባለው ድራማ ሁለት ትንንሽ እህትማማቾች ደግመው ሲዘፍኑት፣ በየገበያ አዳራሹ ሲሰማ፣ ዘፈኑ ከባንዱ ይበልጥ ታወቀ። ማስታወቂያ ሠሪዎችም ምስጢሩን አወቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ጭብጨባና «ሄይ» የሌለበት የባንክና የስልክ ማስታወቂያ የጠፋ መሰለ። የራስህ ድምፅ የሁሉም ድምፅ ሲሆን የቀድሞ አድናቂህ ይሰለችሃል፣ አዲሱ ደግሞ ያን አንዱን ብቻ ይጠይቅሃል። በዚያ ሞገድ ላይ የነበሩ ስንቶቹ ባንዶች በዚህ መሰላቸት እንደተዋጡ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሉሚኒርስ ያደረጉት ነገር ቀላል ቢመስልም ድፍረት ይጠይቃል። ሁለተኛ አልበማቸውን ለማውጣት አልተጣደፉም፤ አራት ዓመት ፈጀ። «ክሊዮፓትራ» በሚያዝያ 2016 ሲወጣ ሁለተኛ «ሆ ሄይ» አልያዘም። ርዕሱን የሰጠው ዘፈን የተነሳው ሩቅ አገር፣ ጆርጂያ ሪፐብሊክ ውስጥ ካለች የታክሲ ሹፌር ሕይወት ነው። የሹልትዝ ባለቤት ጓደኛ ነበረች ይህችን ሴት ያገኘቻት። ወጣት ሳለች አባቷ በሞተበት ሰሞን የምትወደው ሰው ላግባሽ ብሎ ጠይቋት ነበር፤ ሐዘን ላይ ሆና መልስ ሳትሰጠው ቀረች፤ እሱም ሄደ፣ አልተመለሰም። የጭቃ እግሩን አሻራ ከወለሉ ላይ ማጠብ አልሆነላትም ነበር። እንዲህ ያለውን ታሪክ በሦስት ደቂቃ ተኩል ዘፈን ውስጥ፣ በእሷ አንደበት፣ ሳያላዝኑ መናገር ከጩኸቱ የሚከብድ ጥበብ ነው፤ ለእኔ ባንዱ ጎልምሶ የወጣው እዚህ ላይ ነው። አልበሙ በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ 200 ላይ፣ በአንደኝነት ገባ። ሜዶላርክ ውስጥ የተማሩት ዝቅ ብሎ መዝፈን ብሩክሊን ካስተማራቸው ጩኸት በላይ ራቅ ብሎ እንደሚያደርስ በዚህ ታየ።

በ2017 ሉሚኒርስ በአየርላንዱ ባንድ ዩቱ «ጆሹዋ ትሪ» ጉዞ ላይ በአንዳንድ የአሜሪካ ስታዲየሞች መድረኩን ከፈቱ። ኔይላ ፔካሬክ በ2018 የራሷን ሥራ ለመሥራት ተለየች። በ2019 የወጣው «ሦስት» የተሰኘው አልበም በሦስት ምዕራፍ የአንድን ቤተሰብ ሦስት ትውልድ በሱስ ሲፈርስ ያሳያል፤ መነሻው በሹልትዝ ዘመዶች መካከል የታየ እውነተኛ ሱስ ነው። ጆሽን በ19 ዓመቱ የቀበሩ ሁለት ሰዎች ዝናቸው ጫፍ በደረሰበት ጊዜ ሰው የሚዝናናበትን ዘፈን ከመሥራት ይልቅ ወደዚያው ቁስል መመለሳቸውን አከብራለሁ። ገበያው ይህን አልጠየቃቸውም፤ ገበያውም አልሸሻቸውም።

በመስከረም 2022 ባንዱ ከ40,000 ሰው በላይ በሚይዘው በቺካጎው ሪግሊ ፊልድ ተጫወተ፤ ቅጂውም በኋላ በአልበም መልክ ወጣ። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የድሮው ችግር በሌላ መልክ ይመለሳል። ሰዉ ጀርባውን አልሰጠም፤ ፊቱን ግን ወደ ስልኩ አድርጓል። «ሆ ሄይ» ሲጀመር በሺዎች የሚቆጠሩ ስልኮች ከፍ ይላሉ፤ የሚቀርጽ ሰው ደግሞ አይዘፍንም። ሹልትዝ በብዙ ኮንሰርቶቹ ላይ የሚያደርገው ይህን ነው፦ ዘፈኑን መሐል ላይ ያቆመዋል፣ ሁሉም ስልኩን ኪሱ እንዲከት ይጠይቃል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ባንዱ ከዋናው መድረክ ወርዶ ሕዝቡ መካከል በተሠራች ትንሽ መድረክ ላይም ይጫወታል። መብራቱና ማጉያው ግዙፍ ቢሆንም የሚሠሩት ሥራ ሳሎን ውስጥ ይሠሩት የነበረው ነው፤ ለመስማት ያልተዘጋጀውን ሰው ተቀባይ ማድረግ። ሹልትዝና ፍሬይትስ በየካቲት 2025 «ኦቶማቲክ»ን አወጡ። ዘፈኑን የሚጽፉት አሁንም ያው ሁለቱ የራምዚ ልጆች ናቸው።